ቆዩ፣ ራውተሩን አትንቀሉት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የቢሮ ኮምፒውተር

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ቢሮው ትንሽ ነው፣ ኮምፒውተሩ ከ4 እስከ 12 ቢሆን ነው። የአይቲ ሠራተኛ የለም። «ኮምፒውተር ይችላል» የተባለ አንድ ልጅ አለ፣ የተቀጠረው ግን ለሌላ ሥራ ነው። ኔትወርኩ ቀጥ ባለ ቁጥር አንዱ ብድግ ይልና ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል። አንዳንዴ ይሠራል። እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው፤ ምን ነክቶት እንደቆመ ሳይታወቅ ስለተነሳ ነገም ይቆማል። ስትነቅሉት ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

«ጤና ይስጥልኝ። ቦሌ አካባቢ ባለ አስመጪ ድርጅት ነው የምሠራው። 9 ኮምፒውተር አለን። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጠዋት ስንገባ ሦስቱ ወይም አራቱ ኢንተርኔት አይኖራቸውም፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። የሚገርመው የሚቆመው ኮምፒውተር በየቀኑ ይለያያል። ዛሬ የእኔ፣ ነገ የገንዘብ ያዧ። ሪስታርት ሲደረግ አንዳንዱ ይመለሳል። አለቃችን ቫይረስ ነው ብሎ ሁሉም ፎርማት እንዲደረግ ወስኗል። እባክህ ከቅዳሜ በፊት መልስልኝ።»
— ግራ የገባው፣ አዲስ አበባ

መጀመሪያ ፎርማቱን አስቁምልኝ። 9 ኮምፒውተር ፎርማት አድርጎ ፕሮግራሙን ሁሉ መልሶ መጫን ቅዳሜና እሁዳችሁን ይበላል፣ ሰኞ ጠዋት ችግሩ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ቫይረስ በየጠዋቱ ተራ አያወጣም።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ መልሼ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሮ ውስጥ ምን አዲስ ዕቃ ገባ? መልስህን እንዳለ ላስቀምጠው። «ምንም አልገባም፣ ስብሰባ ክፍሉ ዋይፋይ ስለማይደርሰው ከቤቴ አሮጌ ራውተር አምጥቼ ሰካሁ እንጂ።» «ምንም አልገባም» ያልካትን ወድጃታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተር ኢንተርኔት ከማስገባት ሌላም ሥራ አለው። ኮምፒውተር ሲበራ «ቁጥር ስጡኝ» ብሎ ኔትወርኩ ውስጥ ይጣራል። ራውተሩ ይሰማና የአይፒ አድራሻ ያድለዋል፣ ወደ ውጭ መውጫው በየት በኩል እንደሆነም ይነግረዋል። ባንክ ስትገባ ተራ ቁጥር ቆርጦ እንደሚሰጥህ ማሽን በለው። ይህ ቁጥር አደላ ዲኤችሲፒ ይባላል። አሁን እናንተ በር ላይ ሁለት ማሽን ቆሟል። ጠዋት ዘጠኙም በርተው ሲጣሩ እያንዳንዱ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ከዋናው ራውተር የተቀበለው ይሠራል። ከቤት ከመጣው የተቀበለው ደግሞ «መውጫው በእኔ በኩል ነው» ይባላል፣ ያ ራውተር ግን ራሱ መውጫ የለውም። በየቀኑ ሰው የሚቀያየረው ዕጣ ስለሆነ ነው። ሪስታርት ስታደርጉም ዕጣውን እንደገና ማውጣታችሁ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ነገ ጠዋት አንዱ ሲቆም ሪስታርት አታድርገው። ስታርት ላይ ሲኤምዲ (cmd) ብለህ ጥቁሩን መስኮት ክፈትና አይፒኮንፊግ (ipconfig) የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሳትለያይ ጻፍ። የሚሠራ ኮምፒውተር ላይም እንዲሁ አድርግና ሁለቱን አስተያይ። የሚሠራው ለምሳሌ 192.168.1.34 ይዞ ጌትዌዩ (መውጫው ማለት ነው) 192.168.1.1 ከሆነ፣ የቆመው ደግሞ 192.168.0.102 ይዞ ጌትዌዩ 192.168.0.1 ካለ፣ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ዓይንህ ማረፍ ያለበት ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው። በ169.254 የሚጀምር ካየህ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ተጣርቶ ተጣርቶ ማንም ስላልመለሰለት ለራሱ የፈጠረው ቁጥር ነው። ያኔ ኬብሉን፣ የተሰካበትን ፖርትና የስዊቹን (የቢሮው ኬብሎች የሚሰበሰቡበትን ሳጥን) መብራት እይ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ከተነሳም እንዲህ ሊሆን ይችላል።

አሮጌውን ራውተር ጣለው አልልህም። ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ለብቻው አገናኘውና በብሮውዘር የማስተካከያ ገጹ ውስጥ ግባ። የራሱን አድራሻ ሌላ ዕቃ ያልያዘው ቁጥር፣ ለምሳሌ 192.168.1.2 አድርገው (ከዚህ በኋላ ገጹ የሚከፈተው በአዲሱ አድራሻ ነው፣ የተበላሸ መስሎህ እንዳትደነግጥ)፣ ቀጥሎ ዲኤችሲፒውን አጥፋ። ከዚያ ከቢሮው የመጣውን ኬብል ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰካ። ዋን የሚለውን ተወው። ራውተሩ «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ካለው ደግሞ እሱን መምረጥ ብቻ ይበቃል። ስብሰባ ክፍሉም ዋይፋይ አያጣም፣ ጠዋትም ዕጣ የለም። ለአለቃህ «ቫይረሱ ተገኘ» በለው፣ ሰላም ይሻላል።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም ሦስት ሆነን እንጠቀማለን፣ ዳታው ያለው አንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ከምሳ ስንመለስ የእኔ ላፕቶፕ ላይ አልከፍትም ይላል። አንዳንዴም እየመዘገብኩ እያለ ድርግም ይላል። ኢንተርኔት ግን አለ። መስመሩን ያስገቡልን ሰዎች ጋ ስንደውል ችግር የለም አሉን። ሰኔ እየደረሰብኝ ነው።»
— የጨነቃት፣ አዳማ

እህቴ፣ የነገሩሽ ልክ ነው። ኢንተርኔት ከቢሮው ወደ ውጭ የሚወጣው መንገድ ነው። ፒችትሪ ግን ከአንቺ ጠረጴዛ ተነስቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው ዴስክቶፕ ድረስ ነው የሚሄደው፣ ኢንተርኔቱ ሙሉ ቀን ቢቆረጥ እንኳ መሥራት አለበት። ችግሩን ከውጭ ሆኖ ሊያስተካክልልሽ የሚችል ሰው የለም።

«ከምሳ ስንመለስ» ማለትሽ ግማሹን ፈታልኝ። የዴስክቶፑ ባለቤት ምሳ ሲወጣ ማንም አይነካውም፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። እሱ ሲተኛ የዳታው ፎልደርም አብሮ ይተኛል። ሰውየው ተመልሶ ማውዙን ነካ ሲያደርገው ይነቃል፣ «ይኸው ይሠራል እኮ፣ አንቺ ነሽ» ይልሻል። ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕ የሚለውን ኔቨር አድርጉት። ስክሪኑ ቢጠፋ ግድ የለም።

እየመዘገብሽ መጥፋቱ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ላፕቶፕሽ በዋይፋይ ነው አይደል? ዋይፋይ ለአንድ ሁለት ሰከንድ መቆራረጥ ልማዱ ነው። ቪዲዮ እያየሽ ከሆነ አታስተውይውም፣ ቀድሞ የጫነውን ያጫውትልሻል። ፒችትሪ (ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ 10 ዓመት አልፎታል፣ ማን ሰምቶ!) ፋይሎቹን እዚያ ማዶ ከፍቶ ይዞ ነው የሚሠራው። ምዝገባውን ፖስት እያደረግሽ መስመሩ ከተቆረጠ ጽሑፉ በግማሽ ሊቀር፣ ዳታውም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሦስታችሁም ከፒችትሪ ውጡና ባክአፕ ያዙ፣ ባክአፑን ደግሞ ዳታው ያለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዳትተዉት። ቀጥሎ ለሂሳብ ክፍሉ ኬብል ይዘርጋ። ለኢሜይልና ለቴሌግራም ዋይፋይ ይሁን፣ ለፒችትሪ ኬብል። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ኬብሉን የሚሠራው ሰው ግን ጫፉን እንዴት እንደሚያስር ቆመሽ እዪ። ባለፈው አንድ ቢሮ ጠርተውኝ 30 ሜትር የሚሆን ኬብል አገኘሁ፣ በቴስተር ሲታይ ስምንቱም መብራት ተራ በተራ ይበራል፣ ፋይል ሲላክበት ግን እንደ ኤሊ ነው። ጫፉን በመቀስ ቆርጬ ሳየው ገመዶቹ ለዓይን በሚያምር ቅደም ተከተል ነው የተደረደሩት፣ ብርቱካኑ ከነጩ ጋር፣ አረንጓዴው ከነጩ ጋር፣ ሰማያዊው፣ ቡኒው። ያማረው ነው የተሳሳተው። ውስጡ ያሉት ስምንት ገመዶች ሁለት ሁለት ሆነው የተጠመዘዙት አንዱ የሌላውን ረብሻ እንዲያጠፋለት ነው፤ 3ኛውና 6ኛው ቀዳዳ ደግሞ የአንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። ትክክለኛው ተራ ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ርካሹ ቴስተር ገመዱ መድረሱን እንጂ ከማን ጋር እንደተጠመዘዘ አያይም፣ አጭር ኬብል ላይ ደግሞ ስህተቱ ላይታወቅ ይችላል። ርዝመቱም ከ100 ሜትር አይለፍ።

«እንደምን ሰነበትክ ልጄ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ትንሽ የማማከር ቢሮ ከፍቻለሁ። ከአራቱ ኮምፒውተሮች የአንዷ ነገር አልገባኝም። ቴሌግራም ይገባባታል፣ ድረ ገጽ ሲከፈት ግን ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። ሌሎቹ በዚያው መስመር ይሠራሉ። ዕቃዋ እንኳን ደህና ናት፣ መብራት ሲሄድ ብቻ «ቀንና ዓመት ሙሉልኝ» ትላለች፣ ጸሐፊያችን ይሞላላታል።»
— የዘወትር አንባቢ፣ ባሕር ዳር

እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ። ጸሐፊው የሞላውን ዓመት እስቲ ቀና ብለው ይዩልኝ። በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ! እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሯ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄዳለች። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት አላቸው፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው። የእርስዎ ኮምፒውተር ቀኑን ስታስተያይ «ይህ ገና ወደፊት የሚሰጥ ነው፣ አላምነውም» ትላለች። በእሷ ስሌት ልክ ናት።

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስተካክሉ፣ የሰዓት ቀጠናውንም አብረው። ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ባትሪ ያስቀይሩ። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት፣ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ ጋ እንኳ ልትገኝ ትችላለች። ቀን የምትረሳው እሷ ስላለቀች ነው።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ቴሌግራም ብቻ እየገባ ብሮውዘር «ገጹ አልተገኘም» የሚል ካለ ግን ዲኤንኤስን ጠርጥሩ። ዲኤንኤስ የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይር ማውጫ ነው። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን ቁጥር በራሱ ስለሚያውቅ ማውጫው ቢጠፋም ይሠራል። ለመጀመሪያው ደብዳቤ በነገርኩት ጥቁር መስኮት 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጉ (ping ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ፣ «አለህ ወይ?» ብሎ መጣራት ነው)፤ መልስ እየመጣ ስም ብቻ የማይገባ ከሆነ መስመሩ ደህና ነው፣ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አድርጋችሁ ሞክሩ።

«ፕሪንተራችን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኦፍላይን ይላል። እየሰረዝን እንደገና እንጭነዋለን። ሰለቸን!»
— ሁለት ጸሐፊዎች፣ ሐዋሳ

ድራይቨሩ (የምትጭኑት የፕሪንተሩ ፕሮግራም) ላይ አትፍረዱ። ፕሪንተሩ ተነስቶ አዲስ አይፒ ይቀበላል፣ ኮምፒውተሮቻችሁ ደግሞ በድሮው ቁጥር ነው የሚፈልጉት፣ ቤት እንደቀየረ ሰው። ራውተሩ ገጽ ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር ያዙለት። ወይም ከፕሪንተሩ ሜኑ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ስጡት፤ ከ100 እስከ 199 የሚያድል ከሆነ 192.168.1.20 ይሁን። ክልሉ ውስጥ ያለ ቁጥር ከሰጣችሁት አንድ ቀን የእንግዳ ስልክ ያንኑ ቁጥር ይቀበልና ሁለቱ ይጣላሉ። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ሰርዛችሁ በዚህ ቁጥር ጫኑት። ለራውተሩም ትንሿን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የምትይዝ ባትሪ) ብትገዙለት ጥሩ ነው፣ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው 9 ቮልት ይሁን 12 ቮልት አንብባችሁ እንጂ በግምት አይሆንም።

«ዛሬ ጠዋት ሁሉም ነገር ቆመ፣ ፕሪንተርም፣ ኢንተርኔትም፣ የጋራ ፎልደሩም። ስዊቹ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ስዊቹ ተቃጥሎ ይሆን?»
— ከመርካቶ

ስዊች አትግዛ። ትናንት ማታ ቢሮው ተጠርጓል? እንግዲያው ሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ የተሰካ ኬብል ፈልግ። ወለል ላይ የወደቀ ጫፍ ያገኘ ሰው በደግነት ባዶ ቀዳዳ ላይ ሰክቶልህ ነው። አንዱ ያስተላለፈው መልእክት በዚያ ኬብል ዞሮ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል፣ እየተባዛ ስዊቹን ያጨናንቀዋል። ካላገኘኸው ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀል፣ መብራቱ የተረጋጋበት እሱ ነው። ቦታቸው እንዳይጠፋህ ግን ቀድመህ በስልክህ ፎቶ አንሳቸው፣ የተረፈውንም ኬብል ጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት።