30 ደቂቃ ለምን ይጠበቃል? ለጀማሪዎች

ላብራቶሪ ውስጥ 31 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ጡረታዬ ደርሷል፣ እና ሰሞኑን አዲስ ተመራቂ ልጆች ሲመጡ ሳይ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ እያለኝ ነው።

ያኔ እኛ ጋ ብዙ ዓመት የሰሩ አንድ ሴትዮ ነበሩ፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ደም ተቀድቶ ሲመጣ ቲዩቡን ስታንድ ላይ ይሰኩትና 30 ደቂቃ ዝም ብለው ያቆሙታል። እኔ ደግሞ ዲግሪ ይዤ የመጣሁ ጎበዝ ነኛ! ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ሰው እየጮኸብን ይሄ ምን የሚሉት ስንፍና ነው አልኩና አንድ ቀን እሳቸው በሌሉበት ደሙ ገና እንደመጣ ሴንትሪፊውጅ (ማሽከርከሪያ ማሽን) ውስጥ ከተትኩት። ላዩ ላይ ጥርት ያለ ሴረም፣ ማለትም የደሙ ውሃ፣ ወጣልኝ፣ ደስ ብሎኝ ማሽኑ ላይ ጫንኩት፣ ከዛ ግማሹ ውጤት የማይታመን ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶ ማሽኑም ቆመ። ቲዩቡን ከፍቼ በስንጥር ነካ ሳደርገው እንደ ሸረሪት ድር የሚሳብ ነገር ተያዘልኝ። ፋይብሪን ነው፣ ደም ሲረጋ የሚሰራው ክር። ደሙ ረግቶ ሳይጨርስ ስላሽከረከርኩት ሴረሙ ውስጥ መርጋቱን ቀጥሎ የማሽኑን መምጠጫ ዘግቶታል። ያን ቀን በእኔ ምክንያት ስንት ሰው ድጋሚ እንደተወጋ አልነግራችሁም። እትዬ በማግስቱ ሲመጡ አልተቆጡኝም፣ "እስኪረጋ ብዬ እኮ ነው የማቆመው፣ አልጠየቅከኝም" ብቻ አሉኝ።

የሰው ልጅ እንዴት እዚህ ደረሰ የሚል ወሬ ሲነሳ እኔ ፊት የሚመጣው ያ ስታንድ ነው። ብዙ ሰው በአእምሯችን ነው ይላል። እሺ፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ ለልጆችና ለቺምፓንዚዎች ሽልማት ያለበት ሳጥን ያሳዩአቸዋል፣ አንድ ሰው መጀመሪያ ላይኛውን ቀዳዳ በዱላ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ከዛ በሌላኛው በኩል ሽልማቱን ያወጣል። ሳጥኑ ውስጡ የሚያሳይ ሲሆን የላይኛው ቀዳዳ ምንም ጥቅም እንደሌለው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቺምፓንዚዎቹ እሱን ዘለው ቀጥታ ወደ ሽልማቱ፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ግን ጥቅም የሌለውንም ጨምረው ቁጭ እንዳለ ደገሙት። ሲያዩት ሞኙ የእኛ ልጅ ነው አይደል? እኔ ግን ትልቁ ሀብታችን ያ ሞኝነት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ዓለም ላይ ጥቅሙ በዓይን የማይታይ ስራ ብዙ ነው፣ መጀመሪያ ተቀብሎ የሚደግም ሰው ከሌለ በአንድ ትውልድ ይጠፋል።

በቆሎን እዩት። የመካከለኛው አሜሪካ ሴቶች ከ3000 ዓመት በላይ በቆሎውን በኖራ ወይም በአመድ ውሃ ሲቀቅሉ ኖረዋል። ናያሲን የሚባል ቫይታሚን መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር፣ በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን ታስሮ እንደሚቀመጥና ኖራው እንደሚፈታውም እንዲሁ። ልጅ ከእናቷ አይታ ታደርገዋለች፣ አለቀ። ከ1492 በኋላ አውሮፓውያን ፍሬውን በመርከብ ጭነው ወሰዱ፣ አቀቃቀሉን ግን እዛው ትተውት ሄዱ። በቆሎ ብቻ የሚበላው ደሃ ቆዳው እየተላጠ፣ ሆዱ እየታመመ፣ አእምሮው እየተነካ ያልቅ ጀመር፣ ፔላግራ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1735 ስፔን ውስጥ ተመዘገበ፣ አንዱ የተበላሸ እህል ነው ሲል ሌላው ተላላፊ ነው ሲል ዘመን አለፈ፣ እስከ አሜሪካ ደቡብ ድረስ ሰው ጨረሰ። ጎልድበርገር የሚባል ሐኪም በ1916 ተላላፊ አለመሆኑን ለማሳየት የበሽተኛ ደም ራሱ ላይ ወጋ፣ ሚስቱም ተወጋች (እንደ ላብራቶሪ ሰው ይሄን ሳነብ ነው የሚዘገንነኝ)። ናያሲን መድኃኒቱ መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው። ከ1735 ብትቆጥሩት 202 ዓመት፣ መልሱ ያን ሁሉ ጊዜ ውቅያኖስ ማዶ የሴቶች ድስት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እነሱን ማን ይጠይቃል፣ ያልተማሩ ናቸው ተብሏላ።

እንግዲህ ይሄን ሰምታችሁ ሽማግሌ ያለውን ሁሉ አሜን በሉ እያልኩ አይደለም። እኛ ጋ ውጤት ማሽኑ ላይ ከተመዘገበ በኋላ እንደገና ሌላ መዝገብ ላይ በእጅ የሚገለበጥ ነበር፣ ለዓመታት ገለበጥን፣ አንድ ቀን ማነው የሚያነበው ብዬ ዞሬ ብጠይቅ የሚያነበው የለም፣ ያስጀመረውን ሰው የሚያውቅም የለም። ተውነው፣ ምንም አልጎደለም። ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪምም አለላችሁ፣ በ1847 ቪየና ላይ ሐኪሞቹን እጃችሁን በክሎሪን ታጠቡ ብሎ የወላድ ሞት በ2 ወር ውስጥ ከ18 በመቶ ወደ 2 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ትላልቆቹ አልሰሙትም። በእነሱ ብቻ ግን አልፈርድም፣ እሱም ዋናውን መጽሐፉን ያወጣው በ1861 ነው፣ 14 ዓመት!

ያወቁትን ሳይጽፉ የመቆየትን ጥፋት እኔም ሰርቼዋለሁ። አዲስ ማሽን ሲመጣልን ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር የጠዋቱ የመጀመሪያ ንባብ ዝቅ እንደሚል አየሁና ኮንትሮሉን (ውጤቱ ቀድሞ የሚታወቅ መፈተሻ ናሙና) ጠዋት ጠዋት ሁለቴ ማሰራት ጀመርኩ። ለማንም አልነገርኩም፣ የትም አልጻፍኩም። ፈቃድ ወጥቼ ስመለስ አንዷ ልጅ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ይባክናል ብላ አንዱን አስቀርታዋለች። ተቆጣሁ። አየችኝና "ጋሼ፣ አልነገሩንም እኮ" አለችኝ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ፣ በግራ በኩል የምሰራውን፣ በቀኝ በኩል ለምን እንደሆነ እጽፋለሁ። 40 ምናምን ደርሻለሁ፣ 6ቱ ላይ ግን ቀኙ ባዶ ነው፣ ለምን እንደማደርጋቸው ራሴም አላውቅም፣ እንዲሁ አይቼ ነው የወሰድኳቸው። እትዬ ደግሞ አሁን በህይወት የሉም። እስክወጣ ካልሞላሁት ደብተሩን እዛው ሴንትሪፊውጁ አጠገብ ታገኙታላችሁ፣ እስክሪብቶም አስሬበታለሁ።