«የእናቴን ድሪ ልሽጠው ወይስ ልያዘው?»

ጥያቄ፦ ለተከበሩት የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን ባለቤቴ ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዶችን በጀልባ የሚያመላልስ ሰው ነው። እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ገቢያችን ተመናምኖ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ አለብን፤ የሁለት ልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያም ደርሷል። በእጄ የቀሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው እናቴ ዘጌ ስትዳር በጥሎሽ የመጣላት፣ ሰባት ጠገራ ብር የተሰካካበት ድሪ ነው፤ ሁለተኛው በእጅ የሚዞር የሲንጀር ስፌት መኪናዋ ነው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ድሪውን ከሣጥን ባወጣሁ ቁጥር ቡና ስትወቅጥ ደረቷ ላይ ሲንቃጨል የነበረው ድምፅ ይመጣብኛል። ከሰባቱ የሁለቱ ፊት ከልብሷ ጋር ከመፋተግ ብዛት ተፍቆ የንግሥቲቱ መልክ እንኳ በቅጡ አይለይም። ያሳየሁት አንጥረኛ 1780 የሚለውን ቁጥር አይቶ «ይህ ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ነው» ካለኝ በኋላ የቆረጠልኝ ዋጋ ግን በሚዛን ነው። ባለቤቴ «ልጅ እየተቸገረ ብር በሣጥን አይቀመጥም» ይላል። ጎንደር ያለችው ታናሽ እኅቴ እስካሁን ነገሩን አታውቅም። ምን ይመክሩኛል?
ስሜ ይቆይ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እኅቴ፣ ባለቤትዎም እርስዎም የተሳሳታችሁ አይመስለኝም። እርሳቸው የሚያዩት ልጆቹን ነው፣ እርስዎ የሚያዩት እናትዎን ነው፤ በዚህ ላይ የሚደረግ ክርክር ደግሞ ማብቂያ የለውም። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ የሚደፍነው ቀዳዳ ተደፍኖ ይቀራል ወይስ በወሩ ተመልሶ ይከፈታል የሚል ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ያረፈች ከተማ በመሆኗ ብስክሌት ምን ያህል ቤተኛ እንደ ሆነባት ያውቃሉ። አባቴም ዕድሜውን ሙሉ ሥራ የተመላለሰበት ጥቁር ብስክሌት ነበረው፤ ሲያርፍ ለእኔ ደረሰኝ። ኪራይ በጠበበኝ አንድ ወር ከማንም ሳልመክር ሸጥሁት፤ ገንዘቡም የአንድ ወር ተኩል ኪራይ ሸፈነልኝ። ከዚያ በኋላ ኪራዩ እንደ ልማዱ መጣ፣ ብስክሌቱ ግን የለም፤ ይባስ ብሎ በየቀኑ ለባጃጅ መክፈል ጀመርሁ። ደወሉ ትንሽ የተሰነጠቀ ስለ ነበረ ድምፁ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ስሰማ ዘወር ብዬ አያለሁ።

የትምህርት ቤቱ ክፍያና የሦስት ወሩ ውዝፍ አንድ ጊዜ ተከፍለው የሚያልቁ ስለ ሆኑ ለእነርሱ ድሪ ቢሸጥ አልነቅፍም። የሚያሰጋኝ አራተኛው ወር ነው። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ ጀልባው በአሁኑ ሁኔታ በወር የሚያስገባውን ገንዘብ ሳታጋንኑ በወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ያ ገንዘብ የምትኖሩበትን ቤት ኪራይ የማይችል ከሆነ መጀመሪያ የሚለወጠው ቤቱ ነው፣ ድሪው ቀጥሎ ይታያል። ከአቅም በላይ በሆነ ቤት ተቀምጦ የእናትን ጌጥ መሸጥ የእኔን የብስክሌት ስሕተት መድገም ነው።

አንጥረኛው ስለ ነገርዎት ዓመት ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። 1780 በብሩ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲሆን፣ ከእርሷ በኋላም ብሩ በዚያው ቁጥር ሲታተም ኖሯል። ያተመችውም ቪየና ብቻ አይደለችም፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከመውረሯ ቀደም ብላ በሮም ታትመው ነበር፣ ከዚያም በለንደን፣ በበርሚንግሃምና በቦምቤይ ታትሟል። ስለዚህ የእናትዎ ሰባት ብሮች በተለያየ ዘመን የታተሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቁጥሩ ብቻውን ዕድሜያቸውንም ዋጋቸውንም አይናገርም። የሚታወቀው ክብደታቸው ነው። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ስለ ሆነ በአንዱ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል፣ በሰባቱ ውስጥ ደግሞ ወደ 164 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ ብር አለ። ማንጠልጠያው በሌላ ማዕድን የተበየደ ከሆነ እርሱ ተቀናሽ ይሆናል። ይህን ሒሳብ ይዘው ቢያንስ ወደ ሦስት አንጥረኞች ይሂዱ፣ የኪራዩንም ጭንቀት አይንገሯቸው። ጌጡን እንደ ጌጥ የሚገዙ የባህል ዕቃ ነጋዴዎችንም ይጠይቁ፤ አንጥረኛ የገዛውን ጠገራ ብር አብዛኛውን ጊዜ አቅልጦ መስቀልና ጉትቻ ስለሚሠራበት ነገ ልመልሰው ቢሉ የሚመለስ ነገር አይኖርም። በአፍ ቅርስ ብሎ በሚዛን ቁርጥራጭ የሚያደርግ ሰው ከሁለቱ በአንዱ እያታለለዎት ነው። በእርግጥ ቅርስ ነው የሚል ካለ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ስለሚከለክል፣ ለውጭ አገር ገዢ ከማቅረብዎ በፊት የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤትን ያማክሩ።

«ድሪውን አስይዘሽ ተበደሪ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲሆን፣ ወለዱም በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በወር 10 በመቶ የሚልዎት ሰው በዓመት 120 በመቶ እየጠየቀዎት ስለ ሆነ ስሙ አራጣ ነው፤ ድሪውንም ቤቱንም ያሳጣል። ዕቁብ ካለዎት ዳኛውን ቀርበው ዕጣው እንዲቀድምልዎት ቢለምኑ ከዚህ እጅግ ይሻላል፤ ለልጅ ትምህርት ሲባል የሚጨክን የዕቁብ ዳኛ እኔ ብዙም አላጋጠመኝም።

የስፌት መኪናውን ግን አይሽጡት። በእጅ የሚዞር መኪና መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ይሠራል፤ የትምህርት መክፈቻ ሲደርስ ደግሞ ዩኒፎርም የሚያሳጥር፣ የሚያስረዝምና ዚፕ የሚያስቀይር ወላጅ ብዙ ነው። እርስዎ መስፋት ባይችሉ እንኳ በረንዳ ላይ ለሚሠራ ልብስ ሰፊ በወር ሒሳብ ሊያከራዩት ይችላሉ። እናትዎ ዛሬም እንዲያግዟችሁ ከተፈለገ የሚያግዙት በዚህ መኪና ነው።

ወደ እኅትዎ ልምጣ። የእናታችሁ ንብረት በወጉ ካልተከፋፈለ ድሪው የሁለታችሁ ነው፤ ግማሹ የእርሷ የሆነ ዕቃ እርሷ ሳታውቅ ተሸጦ ወሬው በዘመድ አፍ ጎንደር ቢደርስ፣ የኪራዩ ችግር ካለፈ በኋላም የማያልፍ ቅያሜ ይተርፋችኋል። ስለዚህ ሳይሸጥ ዛሬውኑ ይደውሉላት፤ ችግሩንም ሳይሸፋፍኑ ይንገሯት። ምናልባት የተወሰነውን ልታበድር ወይም ድርሻዎን ገዝታ ድሪውን እርሷ ልታስቀምጠው ትችላለች።

እርሷም ባትችል ደግሞ ድሪው ሙሉ በሙሉ ይሸጥ ወይም ሙሉ በሙሉ ይቀመጥ የሚል ግዴታ የለም። ክሩ ይፈታና አምስቱ ይሸጡ፤ ወደ 117 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ ብር አላቸው። የሚቀሩት እነዚያ ፊታቸው የተፋቀው ሁለቱ ይሁኑ። ከመፋቃቸው የተነሣ በአንጥረኛው ሚዛን ላይ ከሁሉም ቀለል የሚሉት እነርሱ ናቸው፤ እናትዎ ደረት ላይ ያረፉትም እነርሱ ናቸው። አንዱን እርስዎ ጋር ያስቀሩ፣ ሌላውን የሚታመን ሰው ወደ ጎንደር ሲሄድ ለእኅትዎ ይላኩላት።