ሲረገጥ የሚሰረጉድ ደክ፦ መስኮቱን ተወው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዬ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አናፖሊስ አጠገብ፣ በ1970ዎቹ የተሠራች 30 ጫማ ባለሸራ ጀልባ በርካሽ ገዝቷል። በግራ በኩል፣ ሰው በሚሳፈርበት ቦታ፣ ደኩ፣ ማለት የጀልባዋ የላይኛው ወለል፣ ሲረገጥ ይሰረጉዳል። በዝናብ ማግስት ደግሞ ከውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ሻይ የመሰለ ውሃ ይንጠባጠባል። መስኮቱን ሁለት ጊዜ በሲሊኮን አሽጎ አልተሻለውም። «ነቅዬ ልቀይረው ወይ?» ይላል።

ወንድሜ፣ መስኮቱን ተወው። ጀልባህ ላይ ሳልወጣ ልወራረድ፤ ሁልጊዜ የምታስራት በግራ ጎኗ ነው አይደል? ስትሳፈር የምትጨብጠውም በደኩ ዳር የሚዞረውን የአጥሩን ምሰሶ ነው። ያ ምሰሶ ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር ያህል ነው፣ እግሩ ግን መዳፍ አያክልም። ሰው በተንጠለጠለበት ቁጥር ማሸጊያውን እንደ ላላ ጥርስ ይነቀንቀዋል። ውሃው ምሰሶውን በያዘው ቡሎን ቀዳዳ ገብቶ ዝቅ ባለው ቦታ፣ መስኮትህ ጋ፣ ይወጣል። ቀለሙም ያሳብቃል፤ በመስኮት በቀጥታ የገባ ውሃ ንጹህ ነው፣ ሻይ የሚመስለው እንጨት ውስጥ ከርሞ የወጣው ነው።

አሁን ትንሽ ታገሠኝ፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የካርቶን ሳጥን አስብ። ሁለት ስስ ወረቀት፣ መሐሉ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይደለም፤ አንድ ላይ ሲጣበቁ ግን ቴሌቪዥን ይሸከማሉ። ደክህም እንደዚያው ነው፦ ከላይ የፋይበርግላስ (በመስታወት ክር የጠነከረ ፕላስቲክ) ቆዳ፣ ከታች ሌላ ቆዳ፣ መሐል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት። ጉልበቱ ያለው ቆዳዎቹ ተራርቀው በመያዛቸው ላይ ነው። ርቀታቸውን እጥፍ ብታደርገው ግትርነቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ካርቶኑን ውሃ ስታስነካው ወረቀቱ አለ፣ ሳጥኑ ግን የለም። ባልሳው ሲበሰብስም ቆዳዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ፣ እግርህ ሥር የሚሰማህ እሱ ነው። ባልሳው ደግሞ ጭረቱ ሽቅብ ቆሞ ነው የሚገጠመው፣ እንደ ታሰረ የሸምበቆ ነዶ። ስለዚህ ውሃ ወደ ጎን ቶሎ አይዛመትበትም። ኮምፔንሳቶ ቢሆን ግን በንብርብሩ ይሮጥ ነበር፤ «ኮምፔንሳቶ ልተካበት» እንዳትለኝ። የጣና ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ይደርቃል። የአንተ ግን በሁለት ቆዳ ታፍኗል፣ ዓመት ብትጠብቀው አይደርቅም።

በላክኸው ፎቶ ላይ በመደዳ የተደፈኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች አየሁ። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ደኩን በስቶ ኢፖክሲ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ማጣበቂያ፣ በመርፌ ወግቶታል። እርጥብ እንጨት ኢፖክሲ አይቀበልም! ብስባሹን በፕላስቲክ ከፈነው፣ ሸጠልህ።

ሥራውን በካቻቢቴ እጀታ ደኩን በመቆርቆር ጀምር። ጤነኛው ጠንከር ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ የሞተው ትራስ እንደ መምታት ነው። በእርሳስ ክበበው። ዳር ዳሩን በ3 ሚሊሜትር ድሪል ብሳ፣ የታችኛውን ቆዳ እንዳትበሳ መርፌው ላይ ፕላስተር ጠምጥም። ነጣ ያለ ደረቅ ዱቄት ከወጣ ቁም፤ ቡናማ ከሆነ ወደ ውጭ ቀጥል።

ክብ መጋዙን የላይኛውን ቆዳ ብቻ እንዲቆርጥ አስተካክለህ ቆዳውን እንዳለ አንሳው፤ መልሰህ ትለጥፈዋለህ። ውስጡን በመሮ ቆፍር። በሁለት ጣትህ ስትጨምቀው ያ ሻይ ይወጣል፣ ሽታውም የከረመ አተላ ነው። ደረቅ እንጨት እስክታገኝ አትቁም። ሸፍነህ በማራገቢያ ለቀናት አድርቀው፣ ከዚያ የታችኛውን ቆዳ በግራይንደር አሻክር። ለብናኙ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ባለ ማጣሪያውን አድርግ።

ኢፖክሲ ከመክፈትህ በፊት ጓንት። እኔ በወጣትነቴ ባዶ እጄን ሠርቼ፣ በአሴቶን እየታጠብኩ፣ አንድ ጠዋት ክንዴ እስከ ክርኔ አብጦ ተነሣሁ። ኢፖክሲ አንዴ ሰውነትህን ካስቆጣ ተመልሶ አይታረቅህም። እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ በአሴቶን በፍጹም።

አዲሱ ባልሳ ከአሮጌው ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው። መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ ቀባው፣ መጠጣቱን እስኪያቆም። ከዚያ በሲሊካ ዱቄት ያወፈርከውን፣ ከሽሮ ወፈር ከገንፎ ቀጠን ያለውን፣ አልብሰህ ትከለው፤ ላስቲክ አንጥፈህ የአሸዋ ከረጢት ጫንበት። የላይኛውን ቆዳም እንደዚሁ መልስ። በአንድ ጊዜ ብዙ አትበጥብጥ፤ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከቆየ ይግላል፣ ያጨሳል። ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አትጀምር። መገጣጠሚያውን ግራና ቀኝ የቆዳውን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል እየሳሳ እንዲሄድ ሞርደህ ኢፖክሲ በጠጣ የመስታወት ክር ጨርቅ ሙላው፤ ለ3 ሚሊሜትር ቆዳ 4 ሳንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚቀረውን የሚያሟልጭ ነገር ከመሞረድህ በፊት በውሃ እጠበው። የሲሊኮን ቅሪት ካለ ደግሞ ፍቀህ ጨርስ፣ እሱ ባለበት ኢፖክሲም ቀለምም አይይዝም።

ለአጥሩ ምሰሶ ቡሎን ቀዳዳውን አስፍተህ ብሳ፤ ቡሎኑ 8 ከሆነ በ14 ሚሊሜትር። በወፍራም ኢፖክሲ ሙላውና በማግስቱ መሐሉን በ8 ብሳው። ከእንግዲህ ውሃ ቢገባ እንኳ እንጨት አያገኝም። ማሸጊያው ቡቲል፣ ሁሌ የሚጣበቅ ለስላሳ ጎማ፣ ይሁን፣ ዳዶውን በአንድ ቀን ሳይሆን በጥቂት ቀናት ቀስ በቀስ አጥብቀው። በፎቶህ ላይ ከሥር ሳንቲም የምታክል ርካሽ ሮንዴላ አይቼ ተናድጃለሁ፤ 6 ሚሊሜትር የፋይበርግላስ ሰሌዳ አድርግለት። ጓንቱንም ለዚህች ለመጨረሻዋ ጠብታ ኢፖክሲ አድርግ፣ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው።

ስትቆረቁር ግን የሞተው ድምፅ እስከ ምሰሶዋ፣ ሸራውን እስከሚሸከመው፣ ከደረሰ መጋዙን አስቀምጥ። ምሰሶዋ በክሬን ሳትወርድ ያ ቦታ አይከፈትም፤ ጻፍልኝና እንነጋገራለን።