ርብና ጉማራ ሞልተው ሳለ ወፍ የት ይታያል?

እህቴ፣ «መስከረም ላይ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስጓዝ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ባገኛቸው፣ ወፍ ለማየት ብዬ መውረዱ ያዋጣል ወይ?» ብለሻል። ያዋጣል። ግን ዓይንሽ ወንዙ ላይ እንዳይቀር።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ጉማራ ድልድይ አጠገብ ወርጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ድፍርሱን ውኃ ሳይ ቆየሁ፤ አንድም ዓሣ አጥማጅ ወፍ አልመጣልኝም። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። እነዚህ ወፎች ዓሣውን በዓይናቸው ለይተው ነው የሚወረወሩት፤ ጭቃ በሆነ ጎርፍ ውስጥ ምን ያያሉ? ወፉ ያለው ወንዙ ገንፍሎ ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ በተኛበት፣ ውኃው ቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ነው። እንቁራሪቱም ትላትሉም ቀንድ አውጣውም እዚያ ነዋ!

ወረታ ከተማ አድሬ በማግስቱ በማለዳ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ከአንድ የሩዝ ማሳ ጫፍ ሁለት ባለ ዘውድ ክሬኖች (እግራቸውና አንገታቸው ረጅም የሆነ ትልልቅ ወፎች) አየሁ። ጎን ለጎን እየሄዱ እግራቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ከሣሩ ሥር ፌንጣ ብድግ ሲል ለቀም። ፀሐይዋ ከኋላዬ ስለነበረች ራሳቸው ላይ ያለው የጉትያቸው ወርቃማ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ወደ ጎንደር ስትሄጂ ጣና በግራሽ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ወደ ሐይቁ ስታይ ብርሃኑ ከጀርባሽ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ግን ጥላ እንጂ ወፍ አታዪም።

ማሳው ውስጥ አትግቢ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ እኔን እስከ ጉልበቴ ውጦኝ አንድ አርሶ አደር ዱላውን አቀብሎ ነው ያወጣኝ። ውኃ ውስጥ ያለ ትል የሚያመጣው ቢልሃርዝያ የሚባል በሽታም ስላለ በባዶ እግር ውኃ መርገጥ አይገባም። ወባም አለ፣ አጎበር ያዢ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጠይቂ።

አንድ ነገር አደራ። ለእኛ ወፍ ማያ የሆነው ውኃ ለገበሬው ቤት አፍራሽ ነው። በ1998 ክረምት ፎገራና ደምቢያ ላይ የደረሰውን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ቤቱ ውኃ የገባበትን ሰው ፎቶ አታንሺ፤ ሰላምታ ሰጥተሽ፣ ፈቃድ ጠይቀሽ ቁሚ።

ጉዞሽን ማዘግየት ከቻልሽ ግን የእኔ ምርጫ ኅዳር ነው። ውኃው ይሸሻል፣ ሩዙ ይታጨዳል፣ ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች የረገፈውን እህል ሊለቅሙ ይወርዳሉ። ያኔ ሸሸርና ወላላ የሚባሉትን ረግረጎች ጠይቂ። የርብ ጎርፍ ነው የሚሞላቸው። ውኃቸው እየተጠለፈ፣ ዳራቸው እየታረሰ ከዓመት ዓመት ሲጠቡ ማየት ያመኛል። ከሄድሽ ያየሽውን ወፍ ብዛትና ቀኑን መዝግበሽ እዚሁ ጻፊልን፤ እኔም የራሴን ማስታወሻ ከጎኑ አደርጋለሁ።