ለቤት ውስጥ ሞሽን ካፕቸር ከካሜራው በፊት መብራቱ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ዌብካም ሰውነትዎን ቀርጸው በእንቅስቃሴዎ የ3ዲ ገጸ ባሕርይ ሲያንቀሳቅሱ (ሞሽን ካፕቸር ማለት ይኸው ነው) እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ እግሩም ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ እንዳስቸገረዎ ገልጸው፣ የተሻለ ካሜራ መግዛት ይኖርብዎ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በቤቴ ውስጥ በዚሁ ሥራ ስለቆየሁ ምክሬ ካሜራውን ለጊዜው ትተው መብራቱን እንዲያስተካክሉ ነው።

ክፍሉ ደብዘዝ ሲል ካሜራው ብርሃን ለማጠራቀም ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መክፈቻ) ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል፤ ብዙ ዌብካሞች ደግሞ ከዚህ አልፈው በሰከንድ የሚቀርጹትን የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት ይቀንሳሉ። በሰከንድ 3 ሜትር የሚወናጨፍ እጅ፣ ሻተሩ ለ1/30 ሰከንድ ከተከፈተ በአንድ ፍሬም ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። በምስሉ ላይ የሚቀረው ብዥ ያለ ጭረት እንጂ ጣት አይደለም። በ1/250 ሰከንድ ግን ያው እጅ የሚጓዘው 1.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከቪዲዮ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያነበው የጉግል ሶፍትዌር ሚዲያፓይፕ በአንድ እጅ ላይ 21 ነጥቦችን ይፈልጋል፤ ምስሉ ከደበዘዘ ግን ነጥቦቹን በግምት ያስቀምጣል፣ ግምቱም ከፍሬም ወደ ፍሬም ስለሚለዋወጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል።

ከ1/30 ወደ 1/250 ለመድረስ ከስምንት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስፈልጋል። ዓይን ደብዛዛውን ቶሎ ስለሚለምድ «ክፍሌ ብሩህ ነው» በሚል ስሜት አይመኑ፤ ካሜራው የመረጠውን የሻተር ፍጥነት ይመልከቱ። ጌይን (ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን በኤሌክትሮኒክስ የሚያጎላበት ቅንብር) መጨመርም ምስሉን ስለሚያሻክረው ነጥቦቹን መልሶ ያናውጣቸዋል።

ጠንከር ያሉ ሁለት የኤልኢዲ መብራቶችን ከፊትዎ ግራና ቀኝ፣ ከራስዎ ከፍታ በላይ አቁመው ወደ ነጭ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ቢያዞሯቸው ብርሃኑ ተንጸባርቆ በክፍሉ ይበተናል። ከፊሉ በመንገድ ቢባክንም የክንድዎ ጥላ ደረትዎ ላይ በደማቁ አያርፍም። መብራት በቀጥታ አቅርቦ ማቆም ሌላም ጣጣ አለው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያርፍብዎ ብርሃን አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ አንድ እርምጃ ወደፊት መራመድ ብቻ ምስሉን ይለውጠዋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት እግርን ነው። ከላይ የሚመጣው ብርሃን ፊትንና ትከሻን አድምቆ ቁርጭምጭሚትን ጨለማ ውስጥ ይተዋል፤ በዚያ ላይ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ጫማ በጠቆረ ወለል ላይ ሲደረብ እግሩ የት እንዳበቃ ለሰውም ግራ ያጋባል። ከፍሬሙ ውጪ፣ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ፣ በጎን አንድ ለስላሳ መብራት ያኑሩ፤ ከወለሉ የሚለይ ቀለም ያለው ጫማም ያድርጉ። መንሸራተቱ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፣ ሆኖም በእኔ ክፍል ከዚህ የበለጠ ለውጥ ያመጣ ነገር የለም።

መስኮት ከጀርባዎ አይሁን። ደመና መጣ ሄደ ሲል ብርሃኑ እንዳይለዋወጥ መጋረጃውን ይዝጉና ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን)፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) እና ፎከሱን በእጅ ይቆልፉ።

የ50 ኸርዝ ኃይል አንዳንድ አምፖሎችን በሰከንድ 100 ጊዜ ያርገበግባቸዋል፤ ሻተሩ ፈጣን ሲሆን ይህ በምስሉ ላይ እንደሚንቀሳቀስ ጥቁር ሰንበር ይታያል። የካሜራው የመርገብገብ መከላከያ ሻተሩን 1/100 ወይም 1/50 ላይ ስለሚያስቀረው፣ ከዚያ በላይ ለመፍጠን የማይርገበገብ መብራት ያስፈልጋል። ዲመር ያላቸውንም ሙሉ ኃይላቸው ላይ ማብራት ይመረጣል፤ ብዙዎቹ ብርሃናቸውን የሚቀንሱት በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ ነውና። በስልክዎ ስሎው ሞሽን ቢቀርጿቸው ወዲያው ያውቋቸዋል።

እንደ ኪኔክት (የማይክሮሶፍት የእንቅስቃሴ ካሜራ) ባሉ ኢንፍራሬድ ሴንሰሮች የሚሠሩ ከሆነ ግን ጥልቀትን የሚለኩት በራሳቸው፣ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ስለሆነ የክፍሉ መብራት ያን ያህል አያሳስብም፤ የሚያውካቸው የፀሐይ ብርሃን ነው።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ክንድዎን በፍጥነት እያወናጨፉ ይቅረጹና ቪዲዮውን በአንድ ፍሬም ያቁሙት። ጣቶችዎ ተለይተው እየታዩ ገጸ ባሕርዩ አሁንም ከተንቀጠቀጠ፣ ገንዘብዎን በውድ ካሜራ ፋንታ በሁለተኛ ካሜራ ላይ ያውሉት፤ አንድ ካሜራ እጅዎ ወደፊት ምን ያህል እንደተዘረጋ የሚነግረው በግምት ብቻ ነው።