መልስ፦ ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊሊያምስ

ጋዜጣ ከማሳተም ተነሥቶ የክፍለ ግዛት እንደራሴ፣ ኋላም የታሪክ ጸሐፊ የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ይኖር እንደሆነ ለጠየቁት ወገናችን፣ ተገቢው መልስ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊሊያምስ ይመስለኛል። በ1849 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፔንሲልቬንያ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰለፈ፤ ከዚያም ነገረ መለኮት ተምሮ በቦስተን ፓስተር ሆነ። በ1875 በዋሽንግተን ያቋቋመው ጋዜጣ ብዙም ሳይቆይ ቢዘጋም፣ ተስፋ ሳይቆርጥ በሲንሲናቲ ሌላ ጀመረ፤ በ1879 ደግሞ ለኦሃዮ ምክር ቤት ተመርጦ በዚያ የመጀመሪያው ጥቁር እንደራሴ ለመሆን በቃ።

በምክር ቤቱ የቆየው ለአንድ የሥራ ዘመን ብቻ ነው። ቀሪ ኃይሉን ያዋለው ለታሪክ ሲሆን፣ በሁለት ቅጽ ባሳተመው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ መቅድም ላይ ከ12,000 በላይ መጻሕፍትን እንደተመለከተ ይገልጻል፤ በ1887 ደግሞ የጥቁር ወታደሮችን ታሪክ አሳተመ።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ግን በ1890 ከኮንጎ ለቤልጅጉ ንጉሥ ለሊዮፖልድ 2ኛ የጻፈውን ግልጽ ደብዳቤ ነው። የንጉሡ ወኪሎች በኮታቸው እጅጌ ሥር ባትሪ ደብቀው የአገሬውን ባላባቶች ሲጨብጡ በኤሌክትሪክ እያስደነገጡ፣ ይህንንም የነጭ ሰው ጉልበት ነው እያሉ መሬታቸውን ያስፈርሙ እንደነበር በዝርዝር አጋልጧል። ዓለም አቀፍ መርማሪ ጉባኤ እንዲቋቋምም አጥብቆ ጠይቋል፤ ነገር ግን በዓመቱ በእንግሊዝ አገር፣ በብላክፑል ከተማ በ41 ዓመቱ አረፈ።