ከአጥር ማዶ የሚመጣ ጭስና ጩኸት

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ያለውን ቤት የተከራየችው ሴት አረቄ ታወጣለች። ቀን ጭሱ፣ ማታ ጠጪው። አተላውን ቦይ ውስጥ ስትደፋው ወደ እኛ በር ይወርዳል። ለአከራዬ ብነግራቸው «ጎረቤት ነው፣ ቻይው» አሉኝ።

መልስ፦ «ትረብሸናለች» ብለው ቢሄዱ ሰሚ አያገኙም። ጭሱን፣ አተላውንና ጩኸቱን ለየብቻ ያንሱ፤ መፍትሔያቸው አንድ አይደለምና።

መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። የልጆች ደብተር ጀርባ ይበቃል፦ «ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20፣ ዘፈንና ጭቅጭቅ፣ እስከ ሌሊቱ 7፡00፤ ትንሹ ልጅ ሁለት ጊዜ ነቃ»። ስድብ አያስገቡበት፤ «ሰካራሞች» የምትል አንዲት ቃል የቀረውን ሁሉ ታበላሸዋለች። ድምፁን መቅዳት ከፈለጉ ከራስዎ ክፍል ሆነው ይቅዱ። በአጥር ላይ ስልክ ያነሳ ሰው ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ያርፈዋል።

ከዚያ ሴትዮዋን ያነጋግሩ፤ ጠዋት፣ ብቻዋን፣ እሳት ባልነደደበት ቀን። አረቄው እንጀራዋ ስለሆነ «ተዪው» ማለት ከጅምሩ በሩን መዝጋት ነው። ጭሱ የሚበዛው እርጥብ ባሕር ዛፍ ስለሚነድ ነው፤ ተፈልጦ ፀሐይ የመታው እንጨት ጭሱ በጣም ይቀንሳል። ምድጃውም ከአጥሩ ይራቅ። አተላ መድፋት ደግሞ ገንዘብ መድፋት ነው፤ ከብት የሚያደልቡ ይፈልጉታል። ክዳን ባለው በርሜል ይዛ በዕለቱ ብታስወጣው ሽታውም ዝንቡም ይቀንሳል። ክረምት ሲገባ ቦዩ ስለሚሞላ ይህን ከሁሉ አስቀድመው ይጨርሱ።

ከባዱ ምሽቱ ነው። «ድምፅ ይቀንሱ» የሚል ቃል አይጸናም፤ የሚጮኸው ጠጪው እንጂ እሷ አይደለችምና። የሚጸናው የመዝጊያ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚገዛ ይዞ ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም፣ ቴፑም ይዘጋል።

እሺ ካላለች፣ መንገዱ ወደ እሷ አከራይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 የመሬት ባለቤት በጭስ፣ በሽታና በጩኸት ከመልካም ጉርብትና አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። «ተከራይዋ እንጂ እኔ አይደለሁም» ቢሉ ቦታው የእሳቸው መሆኑን ያስታውሷቸው። የእርስዎን አከራይ ይዘው ይሂዱ፤ ሁለቱ ባለቤቶች አንድ ዕድር ውስጥ ከሆኑ ግማሹ ሥራ ያኔ አለቀ። አሁንም ካልሆነ ሽማግሌ ያስቀምጡ፦ አንድ ከእርስዎ፣ አንድ ከእሷ፣ አንድ ሁለታችሁም የተስማማችሁበት። ስምምነቱ በቃል ከቀረ በሳምንቱ ይፈርሳል። የመዝጊያው ሰዓት፣ አተላው የሚወጣበት ቀን፣ ምድጃው የሚቆምበት ቦታ ተጽፎ ሁለታችሁ ፈርሙ፣ 2 ምስክሮችም ይፈርሙበት። ቀበሌ መሄድ ካስፈለገ ይህን ወረቀትና ደብተሩን ይዘው ይሄዳሉ።

ዛቻ፣ ድንጋይ ውርወራ ወይም ድብደባ ከመጣ ግን ሽማግሌ አይጠብቁ። የዚያኑ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ቡሬ ነኝ። አንድ ግቢ አብሮኝ የተከራየው ሰው ሌሊት እየገባ በር ይደበድባል። አከራዩ ዝም ስላሉ ኪራዩን ልያዝባቸው?

መልስ፦ አይያዙ። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይን ማስወጣት ቀላል ነው፤ በር የደበደበው ሰውዬ ቀርቶ ጥፋተኛው እርስዎ ይሆናሉ። በባንክ ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ ቅሬታዎን ደግሞ ቀን ጽፈው በሁለት ቅጂ ይስጡ፣ አንዱ ላይ ያስፈርሟቸው። አልፈርምም ካሉ ምስክር ባለበት ይስጧቸውና ምስክሩ በእርስዎ ቅጂ ላይ ይፈርም። የውጭውን በር ቁልፍ ለሁሉም ተከራይ አስቀርጸው እንዲሰጡ በዚያው ይጠይቁ። አብዛኛው የሌሊት ድብደባ ቁልፍ ከማጣት የሚመጣ ነው።